ጤነኛ መስላ የምታልፈው ዶሮ

ገበያ ወርዶ ዶሮ የሚገዛ ሰው ሁሉ የራሱ የሆነ ምርመራ አለው። ኩክኔዋን ያያል፤ ዓይኗን ያያል፤ ክንፏን ገልጦ ደረቷን ይዳብሳል፤ በእጁ አንሥቶ ክብደቷን ይገምታል፤ ኩሷ ጭራዋ ላይ ተለጥፎ እንደ ሆነም ይመለከታል። ይህ ከአባትና ከእናት የተወረሰ ምርመራ የሚናቅ አይደለም። ፈንግል የያዛት ዶሮ በዚህ ዓይነት ምርመራ ብዙ ጊዜ ትታወቃለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ ምርመራ የማይደርስበት አንድ የበሽታ ዘር አለ። ዶሮዋ ትበላለች፤ ትጠጣለች፤ ዕንቁላሏን በየጊዜው ትጥላለች፤ ላባዋም ያብለጨልጫል። የምትታመመው እርሷ ሳትሆን ዕንቁላሏን ወይም ሥጋዋን የበላው ሰው ነው።

የዚህ ተሕዋስ ስሙ ሳልሞኔላ ነው። እኛ ተማሪዎች ስለ እርሱ የምናውቀው ብዙውን ጊዜ በታይፎይድ በኩል ብቻ ስለ ሆነ፣ በዶሮ እርባታ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚገታ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ነገሩ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢከታተለኝ ይረዳዋል።

ስሙና ዘመዶቹ

ሳልሞኔላ የሚለው ስም የመጣው ከዓሣ ስም አይደለም፤ ዳንኤል ሳልሞን ከተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1885 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በእርሱ ሥር ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ይህን ባክቴሪያ ከታመሙ አሳማዎች ለይቶ አወጣ። ሁለቱም የአሳማ ኮሌራ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ይህ ነው ብለው አምነው ነበር፤ በኋላ ግን የዚያ በሽታ መነሻ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ግምታቸው ቢሳሳትም ስሙ ቀረ።

በ1888 ደግሞ በጀርመን አገር ፍራንከንሃውዘን በምትባል ከተማ ከታመመች ላም ሥጋ የበሉ ሰዎች ታመሙ፤ ሥጋውን በጥሬው የበላ አንድ ሰውም ሞተ። አውጉስት ጌርትነር የተባለው ሐኪም ከሥጋውም ከሟቹም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አገኘ። ዛሬ ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ የምንለው፣ ከዕንቁላል ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣው ይኸው ነው።

እስከ ዛሬ ከ2500 የሚበልጡ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ተለይተዋል። ለነገራችን ግን በሦስት ወገን ብንከፍላቸው ይበቃል። የመጀመሪያው ወገን ሰውን ብቻ የሚይዘው ነው፤ ታይፎይድን የሚያመጣው ከዚህ ይመደባል። ስለዚህ ታይፎይድ ከዶሮ አይመጣም፤ የሚመጣው ከሰው ነው፤ መንገዱም በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ሁለተኛው ወገን ዶሮን ብቻ ለማለት ይቻላል የሚያጠቃው ነው። ከእነዚህ አንደኛው ፑሎረም ሲባል በነጭ ተቅማጥ ጫጩቶችን ይፈጃል፤ ሌላው ጋሊናረም ሲባል የዶሮ ታይፎይድ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ሦስተኛው ወገን ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው፤ ዋናዎቹም ኢንተሪቲዲስና ታይፊሙሪየም ናቸው። የታወከን ሁሉ በአንድ ስም «ታይፎይድ ያዘው» ማለት ስለ ተለመደ፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ከከንቱ ሐሜትም ከከንቱ መድኃኒትም ያድናል።

በሦስተኛው ወገን የተያዘ ሰው ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትኵሳት ይጀምረዋል፤ ጤነኛ ጐልማሳ ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ይድናል። ነገር ግን ተሕዋሱ ከአንጀት አልፎ ወደ ደም ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። በአፍሪካ በምግብ እጥረት የተጐዱ፣ ወባ ያደከማቸው ወይም ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሕፃናት በዚህ ዓይነት የደም ሳልሞኔላ ይሞታሉ። የዚህ ሁሉ ምንጭ ዶሮ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ተሕዋሱ ቀላል የሆድ መታወክ ብቻ ያመጣል ብሎ ለሚንቀው ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ወደ ዕንቁላል የሚገባባቸው ሁለት በሮች

አንደኛው በር ከውጭ ነው። ዕንቁላል ገና ሲጣል ትኩስና እርጥብ ነው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ነገር ስለሚኰማተር ቅርፊቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ቅርፊቱ ላይ ኩስ ካለበት ከአየሩ ጋር ተሕዋሱም ሊገባ ይችላል። ይህን በር ንጹሕ የዕንቁላል መጣያ ጐጆና ደረቅ ጉዝጓዝ በማዘጋጀት፣ ዕንቁላሉንም ቶሎ ቶሎ በመሰብሰብ ማጥበብ ይቻላል።

ሁለተኛው በር ከውስጥ ነው፤ ክፉውም ይኸኛው ነው። ኢንተሪቲዲስ በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ዕንቁላል በሚፈጠርበት ዕጢና በሚወርድበት ቱቦ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ዕንቁላሉ ቅርፊት ከማልበሱ በፊት ተሕዋሱ ውስጡ ገብቶ ይቈያል። እንዲህ ያለውን ዕንቁላል ቅርፊቱን ቢያጥቡትም ቢወለውሉትም ዋጋ የለውም።

እርግጥ ነው፣ በተበከለ መንጋ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለው ዕንቁላል ጥቂት ነው፤ በውስጡ የሚገኘውም ተሕዋስ መጀመሪያ ላይ በቍጥር አነስተኛ ነው። አደጋው የሚመጣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜ ነው። የዕንቁላሉ ነጭ ክፍል ተሕዋሱን የሚያግድ ኀይል ስላለው አያራባውም፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ ሲሰነብት የአስኳሉ ሽፋን ይላላል፤ ከአስኳሉ የሚወጣው ምግብም ተሕዋሱን ያፋፋዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ የተቀመጠ ዕንቁላል ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ሁለተኛው ድምር ነው። አንድ ሰው አንድ የተበከለ ዕንቁላል ቢበላ የሚታመመው አንድ ሰው ነው። መቶ ዕንቁላል በአንድ ገበቴ ተሰብሮ ከተመታ በኋላ በደንብ ሳይበስል ለመቶ ሰው ቢቀርብ ግን ያ አንድ ዕንቁላል ለሁሉም ይዳረሳል።

ደም የሚናገረውና የማይናገረው

የዶሮዎችን በሽታ በምርመራ ለመርታት የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻ በፑሎረም ላይ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህ በሽታ በአሜሪካ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች ይፈጅ ነበር። ሊዮ ሬትገር የተባለው ሊቅ ተሕዋሱን ለይቶ ካወቀ በኋላ፣ ከእናት ዶሮ በዕንቁላሏ በኩል ወደ ጫጩቷ እንደሚተላለፍ ተረጋገጠ። እንግዲህ ጫጩቷን ለማዳን እናቲቱን መመርመር ግድ ሆነ። ምርመራው ቀላል ነው። ከዶሮዋ ክንፍ አንዲት ጠብታ ደም ተወስዳ ቀለም ከገባበት የሞተ ተሕዋስ ጋር በነጭ ሰሌዳ ላይ ትቀላቀላለች። ዶሮዋ በሽታው ካለባት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድብልቁ እንደ ተቈረጠ ወተት ይቋጠራል። አሜሪካኖች በ1935 ባቋቋሙት ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ፕላን አማካይነት መንጋን ሁሉ እየመረመሩ፣ የተገኘችባትን እየለዩ፣ ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ በሽታውን ከትላልቅ እርባታዎቻቸው አጠፉት።

ከዚህ በኋላ ኢንተሪቲዲስ መነሣቱ የሚያስገርም ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የዶሮ ታይፎይድ ሲጠፋ በዶሮዎች ውስጥ ባዶ የቀረውን ቦታ ኢንተሪቲዲስ ያዘው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሁለቱ በውጭ አካላቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ አንደኛው ያለበት መንጋ ሌላኛውን ይከላከል ነበር ማለታቸው ነው። ሐሳቡ እውነት ቢሆንም ባይሆንም አንድ ትምህርት አለው፤ የታመመችውን ዶሮ ማስወገድ ስንችል ያልታመመችዋን አመንናት።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ዶሮዋ ካልታመመች፣ ተሕዋሱንም በኩሷ የምታወጣው አንድ ቀን አድርጋ ሌላ ቀን እየተወች ከሆነ፣ የትኛዋን ይዘን እንመረምራለን? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅመናል። በአንድ ትልቅ መንጋ ውስጥ ከመቶ አንዷ ብቻ ተሕዋሱ አለባት እንበል። 60 ዶሮ በዕጣ ብናወጣ ቢያንስ አንዷን የተያዘች የማግኘት ዕድላችን ከመቶ 45 ገደማ ነው፤ ማለት ከግማሽ በታች ነው። ዕድሉን ከመቶ ወደ 95 ለማድረስ 300 ያህል ዶሮ መመርመር ይኖርብናል። ይህ ደግሞ ድካሙም ወጪውም ብዙ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዶሮዋን ትተው ወለሉን ለመመርመር መረጡ። መርማሪው ጫማው ላይ እርጥበት ያለው የጨርቅ ካልሲ ያጠልቅና በዶሮ ቤቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ካልሲው የሺሕ ዶሮዎችን ኩስና አቧራ ጥቂት ጥቂት ይሰበስባል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የዕንቁላል ዶሮዎች ዕድሜያቸው 24 ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ በየ15 ሳምንቱ እንዲህ ይመረመራሉ። የሥጋ ዶሮዎች ደግሞ ከመታረዳቸው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ይመረመራሉ።

ካልሲው ላቦራቶሪ ሲደርስ ሥራው በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፔፕቶን በሚባል ቀለል ያለ ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ተነክሮ በ37 ዲግሪ ያድራል፤ ይህም በመድረቅና በመድኃኒት የተዳከመው ተሕዋስ እንዲያገግም ነው። በሁለተኛው ቀን ከዚያ ጥቂት ጠብታ ተወስዶ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች በሚያፍን፣ ሳልሞኔላ ግን እየዋኘ በሚስፋፋበት ለስላሳ ምግብ ላይ በ41.5 ዲግሪ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ከተስፋፋው ጠርዝ ተወስዶ በቀይ የረጋ ምግብ ላይ ይዘራል። ሳልሞኔላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ጥቍር የሆነ ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ በኬሚካልና በደም ውኃ ምርመራ ማንነቱ ይረጋገጣል፤ ዓይነቱም ይታወቃል። ዛሬ ፒ.ሲ.አር. የሚባለው የዘር ምርመራ መልሱን በአንድ ቀን ገደማ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ተሕዋሱን በሕይወት ይዞ ዓይነቱንና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ የቀድሞው መንገድ አልቀረም።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። «አልተገኘም» የሚለው የላቦራቶሪ ወረቀት «የለም» ማለት አይደለም፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ካልሲ ላይ አልተገኘም ማለት ነው። ምርመራ በየጊዜው የሚደጋገመውም ለዚህ ነው።

መግቻው ሰንሰለት

ሳልሞኔላን በአንድ ምት የሚገድል መድኃኒት የለም። መግቻው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ሥራ ነው፤ አንዱ ቀለበት ከላላ የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀለበት የጫጩቷ ዘር ነው። አንድ የእናት ዶሮዎች መንጋ ቢበከል መፈልፈያውን በሙሉ ይበክላል፤ ከመፈልፈያውም በአንድ ቀን ዕድሜ የሚወጡት ጫጩቶች በብዙ እርባታዎች ይበተናሉ።

ሁለተኛው መኖ ነው። በ1970 ገደማ ሳልሞኔላ አጎና የተባለ፣ ከዚያ በፊት እምብዛም የማይታይ ዓይነት ከፔሩ በመጣ የዓሣ ዱቄት መኖ ተጭኖ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድና እስራኤል ደረሰ፤ ከዚያም በሰዎች ላይ ታየ። መኖው በሙቀት ቢታከምም ከታከመ በኋላ አይጥና ወፍ ከደረሱበት ሥራው ከንቱ ነው።

ሦስተኛው አይጥ ነው። በተበከለ እርባታ የምትኖር የአንዲት አይጥ አንዲት ፍሬ ኩስ ከመቶ ሺሕ የሚበልጥ ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች። የድሮው መንጋ ሄዶ ቤቱ ታጥቦ አዲሱ ሲገባ በሽታውን ጠብቃ የምታስረክበው አይጥ ናት።

አራተኛው ጽዳት ነው። ያለውን መንጋ በሙሉ አስወጥቶ፣ ኩሱንና ጉዝጓዙን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ ፀረ ተሕዋስ መርጨት ያስፈልጋል። ኩስ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ኩሱን ያርሳል እንጂ ተሕዋሱን አይደርስበትም።

አምስተኛው የፊንላንዱ ኤስኮ ኑርሚ ያገኘው ዘዴ ነው። በመኪና የተፈለፈለች ጫጩት እናቷን አታውቅም፤ አንጀቷም ባዶ ስለ ሆነ ጥቂት ሳልሞኔላ ይበቃታል። በእናቷ ሥር ያደገች ጫጩት ግን ከእናቷ ኩስ መልካሞቹን ባክቴሪያዎች ለቅማ ስለምትውጥ ለጠላት ቦታ አይኖርም። ኑርሚና ባልደረባው ራንታላ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ከጤነኛ ትልቅ ዶሮ አንጀት የተወሰደውን ለጫጩቶች በማጠጣት ሳልሞኔላን እንደሚቋቋሙ አሳዩ።

ስድስተኛው ክትባት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመኖ ወይም በውኃ መስጠት ግን ከሰንሰለቱ ውስጥ አይገባም። ተሕዋሱን ከምርመራ ይደብቀዋል እንጂ ከመንጋው አያጠፋውም፤ መድኃኒቱንም የለመደ ተሕዋስ ያራባል። ያ ተሕዋስ ወደ ሕፃን ደም ሲገባ ሐኪሙ እጁ ባዶ ይሆናል።

የእንግሊዝና የስዊድን ትምህርት

በታኅሣሥ 1988 የእንግሊዝ የጤና ምክትል ሚኒስትር ኤድዊና ከሪ የአገሪቱ የዕንቁላል ምርት አብዛኛው በሳልሞኔላ ተነክቷል ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የዕንቁላል ገበያ ወደቀ፤ አርቢዎች ጮኹ፤ ሴትዮዋም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ንግግራቸው የተጋነነ ነበር፤ በሽታው መኖሩ ግን እውነት ነበር። በ1989 መንግሥት የዕንቁላል መንጋዎች እንዲመረመሩ፣ የተገኘባቸውም እንዲታረዱ አዘዘ። ብዙ ዶሮ ታረደ፤ የታመሙት ሰዎች ቍጥር ግን እንደ ተጠበቀው አልወረደም፤ የማረዱም ሕግ በ1993 ቀረ።

ነገሩን የለወጠው ሌላ ነበር። የዕንቁላል አምራቾቹ ራሳቸው ተሰብስበው በ1998 ዶሮዎቻቸውን ሁሉ ለመከተብና መኖን፣ አይጥን፣ ጽዳትን የሚመለከተውን ደንብ ለመጠበቅ ተስማሙ፤ ደንቡን በጠበቀው ዕንቁላል ላይም የቀይ አንበሳ ማኅተም መቱበት። በእንግሊዝና በዌልስ በ1997 በዋነኛው የኢንተሪቲዲስ ዝርያ የታመሙት የተመዘገቡ ሰዎች 14,771 ነበሩ፤ በ2009 ወደ 581 ወረዱ። በ2017ም የምግብ ባለሥልጣኑ ይህ ማኅተም ያለበትን ዕንቁላል ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እንኳ ሳይጠነክር ቢበሉት አያሰጋም አለ።

ስዊድን ቀደም ብላ ተምራለች። በ1953 አልቬስታ በምትባል ከተማ ካለ ቄራ በወጣ ሥጋ 9,000 ያህል ሰዎች ታመው 90 ያህሉ ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1961 የወጣው ሕግ ማናቸውም ዓይነት ሳልሞኔላ የተገኘበት የእንስሳት ምግብ እንዳይሸጥ ከለከለ። ከክልከላው ጐን ግን ደንቡን ጠብቆ ሳለ በሽታ የተገኘበት አርቢ የሚካስበት ሥርዓት ተበጀ።

የሁለቱን አገሮች ታሪክ አስተያይቼ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ምርመራ የሚያስፈልገው ጤነኛ በምትመስል ዶሮ ላይ ነው። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ያለው አርቢ ግን «መርምሩልኝ» ብሎ ሲመጣ ሊያተርፍ የሚችለው ነገር የለም፤ ሊያጣ የሚችለው ግን ሀብቱን ሁሉ ነው። እውነቱን የተናገረውን ሰው የሚያደኸይ ሕግ እውነትን የሚሸሽግ ሰው ያበዛል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ የተበከለ መንጋ ዕንቁላል በቅርፊቱ እንዳለ ለገበያ እንዳይቀርብ ሲከለከል፣ ተሰብሮ በሙቀት ከታከመ በኋላ ለዳቦና ለኬክ ፋብሪካ እንዲሸጥ መፈቀዱ ከዚህ ዓይነት ማስተዋል የመጣ ይመስለኛል። አርቢው ይጐዳል፤ ግን አይወድቅም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን አብዛኛው ዶሮ በየጓሮው በጥቂት በጥቂቱ የሚረባ ስለ ሆነ፣ እንደ አውሮፓ ሺሕ ዶሮ በአንድ ጣራ ሥር የሚታጨቅበት ቦታ ጥቂት ነበር። አሁን ግን በቢሾፍቱና በሌሎችም ከተሞች ዙሪያ ትላልቅ እርባታዎች ተስፋፍተዋል፤ የአንድ ቀን ጫጩትም ከመፈልፈያ እየወጣ በየክፍለ ሀገሩ ይበተናል። ሰንሰለቱ እየረዘመ ነው ማለት ነው።

ባህላችን በአንድ በኩል ጠባቂያችን ነው። ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ይንተከተካል፤ ዕንቁላሉም ተቀቅሎ ጠንክሮ ይገባበታል። ምግብ እስከ መካከሉ 70 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ከቈየ ሳልሞኔላ ይሞታል። አደጋው ከድስቱ በፊት ነው። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ተደጋግማ ስትታጠብ ውኃው ዙሪያውን ይረጫል፤ ሎሚው ሽታውን ቢያጠፋም ተሕዋሱን ሁሉ አይገድልም። ዶሮ የተበለተበት ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ሳይታጠብ ቃሪያና ቲማቲም ከተከተፈበት፣ ወጡን የበላው ድኖ ሰላጣውን የበላው ይታመማል።

ሌላም አለ። እኛ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዕንቁላል አንቀምስም፤ ዶሮ ግን አትጾምም፤ መጣሏን አታቆምም። በጾሙ ወራት ገዢ ያጣ ዕንቁላል ለፋሲካ እየተባለ ከሰነበተ፣ ከላይ የተናገርነው ሦስት ሳምንት ያልፋል። እንዲህ ያለውን ዕንቁላል በደንብ አብስሎ መብላት ነው እንጂ ለጉልበት ይበጃል ብሎ ጥሬውን በወተት መትቶ መጠጣት አይገባም። እኛም በብዙ መቶ ሆነን ከአንድ ድስት የምንበላ ተማሪዎች ስለ ሆንን የድምሩ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። ለብዙ ሰው የሚሰበር ዕንቁላል በዚያው ሰዓት እስኪጠነክር መብሰል አለበት፤ ተመትቶ እስከ ረፋድ መቀመጥ የለበትም።

በቢሾፍቱ የዶሮ ታይፎይድ ክትባት ይዘጋጃል፤ እዚያው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሙያውም ባለሙያውም ከጅምሩ የለም የምንለው አይደለም። የሚቀረው ቀለበቶቹን ማያያዝ ነው። ከመካከላችን አንዱ ነገ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ካልሲውን ያጠልቃል፤ ሌላው በላቦራቶሪ ጥቍሩን ነጠብጣብ ያነባል፤ ሌላው በሕግ ወይም በበጀት ክፍል ተቀምጦ፣ በሽታ የተገኘበትን አርቢ የሚመለከተውን አንቀጽ ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ወንድማችን ወይም እኅታችን ያን አንቀጽ ሲጽፍ፣ መንጋውን በገዛ ፈቃዱ ያስመረመረውን ሰው ከደበቀው ሰው ጋር በአንድ ሚዛን እንዳያስቀምጠው አደራ እላለሁ።